ቦርሳው የማን ነበር

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ማስረጃዬን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ አራዳ ገበያ ወጥቼ ነበር። ልጅቷ ወረቀቶቹን ከማሽኑ አውጥታ፣ ጫፋቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካክላ ሰጠችኝ። ገና ትኩስ ነበሩ። ያ የሞቀ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ባለሁበት ቀረሁ።

«የጎደለ አለ እንዴ?» አለችኝ።

ራሴን ነቅንቄ፣ ከፍያት ወጣሁ። የዘይነብ ወረቀት ሽታ ነበር።

ዘይነብ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ እሷ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ቤታችን አዲስ ዓለም ነው፤ አባቴ አራዳ ላይ፣ ከአባቱ በወረሳት ጠባብ ሱቅ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት የእነዘይነብ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ገና በጥቅምት ሥራ ለቆ ሄደ፤ ሌላ አልተተካም። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ቁጭ ብለው ያወራሉ አሉ። ዘይነብ ባዮሎጂና ሂሳብ ትችላለች። እንግሊዝኛ ላይ ስትደርስ ግን ደብተሯን ትዘጋለች።

ሚያዝያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ በሻርፗ ሥር የሆነ ነገር ደብቃ ገባች። ዳቦ መስሎኝ ተከተልኳት። ከአራዳ ያስገለበጠችው ወርክሺት ነበር፤ ካለፉት ዓመታት ፈተናዎች የተለቃቀመ፣ መሃሉ በስቴፕለር የተያዘ ወፍራም የወረቀት ጥራዝ። ፊቴ ላይ አስጠግታ «እስኪ ንኪው፣ እንዴት እንደሚሞቅ» አለችኝ። እኔ ነገሩ ሕይወት ያለው መስሎኝ እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ከጅዳ ደወለች። አባዬ ጆሮው ስለሚከብድ ስልኩን ሁልጊዜ በላውድ ነው የሚያወራው፤ ቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«የምትሠራላቸው ሰዎች ደግ ናቸው» አለች አክስቴ። «ሁለት ልጅ ነው ያላቸው። ቪዛው እንዲህ አይጠብቅም ወንድም ዓለም።»

«ፈተናዋን ትፈተን» አለ አባዬ። «ካለፈች ትማራለች። ካላለፈች ያንቺው ናት።»

ዘይነብ ሳህን እያጠበች ነበር። ያንኑ አንዱን ሳህን ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ስትፈትገው አየኋት። ያንቺው ናት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አክስቴ ልጅ ስላልነበራት፣ ዘይነብን ልጄ ብላ ልትወስዳት መሰለኝ። እኔንስ ለምን አልመረጠችኝም ብዬ ትንሽ ቀናሁ።

አባዬ መላ አመጣሁ ያለው በማግስቱ ምሳ ላይ ነው።

«ሼህ አደም ጋ ትሂድ» አለ።

እማዬ ሳቀች። «ሼሁ ደግሞ እንግሊዝኛ ጀመሩ?»

«ትርጉሙን መች አልኩ። በቃል ማስያዙን ነው። እኔን የመሰለ ደንቆሮ ያስያዙ ሰውዬ እሷን ያቅታቸዋል?»

ሼህ አደም የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያቀሩ፣ በቃል ያስይዙ ነበር። ከአይከል በኩል የመጡ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ የላቲን ፊደል አንድም አያውቁም። ግቢያቸው ውስጥ ወይራ ዛፍ አለ፤ ልጆቹ ከዛፉ ሥር ምንጣፍ ላይ ተደርድረው፣ ሉሃቸውን፣ ማለትም የሚጻፍበትን ጣውላ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እየተወዛወዙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀራሉ። ሁሉም የየራሱን ነው የሚጮኸው። ሼሁ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው «አንተ፣ ዘለልክ» ይላሉ። እኔም እዚያው ነበር የምቀራው። ከእሳቸው ፊት አፉን የዘጋ ልጅ እንደተኛ ነው የሚቆጠረው።

አባዬ ጉዳዩን ሲነግራቸው ብዙ አሰቡ።

«ሃይማኖት አለበት?» አሉ።

«የለበትም። ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ገበያ ነው።»

«እንግዲህ ሸጋ ነው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ትምጣ። ታናሿም ትምጣ፣ ብቻዋን አትቀመጥ።»

እንዲህ ሆኖ በዚያ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወደ ማታ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከወይራው ሥር ሦስታችን እንቀመጥ ነበር። ዘይነብ ወርክሺቷን ጭኗ ላይ፣ ሉሁ በሚቀመጥበት ቦታ አድርጋ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች ታነባለች። መጀመሪያ ሰሞን አፍራ በሹክሹክታ ነበር።

«ምነው?» አሉ ሼሁ። «ከማን ሰርቀሽው ነው?»

ከዚያ ድምፅዋን ለቀቀችው።

አንዱ ምንባብ አሁንም ድረስ ከነዜማው አብሮኝ አለ። ቶምና ፒተር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በአውቶቡስ ይሄዳሉ። መናኸሪያ ሲደርሱ ቶም ለፒተር ቦርሳው እንደጠፋ ይነግረዋል። ሁለቱም ወደ ሾፌሩ ይሮጣሉ። ወረቀቱ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ገልባጩ የሚቀጥለውን ገጽ ዘሎታል። ከሥሩ ግን ጥያቄዎቹ አሉ፤ በሦስተኛው መስመር ላይ ያለው «ሂ» ማንን ያመለክታል፣ «ሂዝ» የማን ነው፣ «ዜም» እነማን ናቸው የሚሉ።

«ቶም ቶልድ ፒተር ዛት ሂ ሃድ ሎስት ባግ» ብላ ዘይነብ ስታዜም ሼሁ እጃቸውን ያነሳሉ።

«ቆይ። ከ‹ሎስት› በኋላ አንዲት አጭር ነገር ነበረች። ትናንት ነበረች።»

ዘይነብ ወረቀቱን ታያለች። «ሂዝ ነው። ዘለልኩት፣ ሼህዬ።»

«እሷን መልሻትና እንደገና ከመጀመሪያው።»

ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው። ጥያቄ ሲጠፋትም ዘዴው ያው ነበር። «ከፊቱ የመጣውን ሳትይዢ መሃሉን አትያዢው» ይሏታል። «ወደ ላይ ተመለሽ፣ አሰሚው፣ ምላስሽ ይወስድሻል።» እውነትም ይወስዳት ነበር። ከላይ ጀምራ እያዜመች ስትወርድ፣ የጠፋው ሰው የት ጋ እንደቀረ ጆሮዋ ይነግራታል። የክፍል ጓደኛዋ ትዕግስት አንድ ቅዳሜ መጥታ ጥያቄዎቹን አቀያይራ ፈተነቻት። ዘይነብ እየተወዛወዘች፣ እያንጎራጎረች፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም መለሰች።

«ጉድ እኮ ነው» አለች ትዕግስት። «እኔንም ሼሁ ጋ ውሰጂኝ፣ ማተቤን እደብቃለሁ።»

በዚያ ሳቅን። ዘይነብ በዚያን ሰሞን መሳቅ ጀምራ ነበር።

የቦርሳው ነገር ቤታችንንም ገባ። አባዬ እራት ላይ «ቦርሳው የማን ነው ነው ያልሽኝ?» ብሎ ይጀምራል።

«ጥያቄው እሱ ነዋ አባዬ።»

«የራሱ የቶም ነው። የሰው ቢሆን እንዲህ አይደነግጥም።»

«እንዲያውም የወንድሙን አስጠፍቶ ነው የደነገጠው» ትላለች እማዬ። «የራሱ ቢሆን ዝም ብሎ ይፈልገው ነበር። ወንዶች የራሳቸው ሲጠፋ መች ለሰው ይናገራሉ?»

ሼሁ ደግሞ የሚያሳስባቸው ሌላ ነበር። ዘይነብ ታሪኩን በአማርኛ ካስረዳቻቸው ቀን ጀምሮ፣ ትምህርት ስንጨርስ ምንጣፉን እያጠፉ «ያ ልጅ ቦርሳውን አገኘ እንዴ?» ይላሉ። ወረቀቱ አይናገርም ስትላቸው ይገርማቸዋል። «ሳያገኝ ትተውት እንዴት ጥያቄ ይጠይቃሉ?»

እኔን ያስጨነቀኝ ግን «ኢት» ነበር። ሂ ወንድ ነው፣ ሺ ሴት ናት፣ ይኼ ገብቶኛል። ኢት ወንድም ሴትም አይደለም አለችኝ ዘይነብ። በየመስመሩ ደግሞ አለ። ከሁሉም ሰው ኋላ ኋላ የሚሄድ፣ ፊት የሌለው ትንሽ እንስሳ አድርጌ አሰብኩት። ቶምና ፒተር ቦርሳውን ሲፈልጉ እሱ ወንበር ሥር ተቀምጦ ያያቸዋል። የወሰደው እሱ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ቃሉ ሌላ፣ ነገሩ ሌላ የሆኑ አባባሎች ነበሩ። አንዱ ባልዲውን በእግሩ መታ ይላል፤ ሞተ ማለት ነው አለች ዘይነብ። ያንን ከሰማሁ በኋላ በግቢያችን ባልዲ አጠገብ አላልፍም አልኩ። የሼሁ ይበልጥ አስፈራኝ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ እግራቸው ይደናቀፋል። አንድ ቀን ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱ ባልዲ ወስጄ ከወይራው ጀርባ ደበቅሁት። ሼሁ እጅጌያቸውን ሰብስበው ግቢውን ዞሩት።

«ባልዲው ምነው? አሁን እዚህ አልነበረም?»

ዘይነብ ዓይኔን አይታ ገባት፤ ነገረቻቸው። ሼሁ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ፈረንጅ ሞትን እንዲህ አቅልሎታል? በባልዲ?» ካሉ በኋላ ጠርተው ራሴን ዳበሱኝ። «አምጪው ልጄ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምራመደው።»

ፈተናው የዋለው በግንቦት መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እንግሊዝኛ ነበር። ዘይነብ ዩኒፎርሟን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ቁርስ ቀመሰች። ሼሁ የንጋቱን ፈጅር ሰግደው ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉላት።

«እንዳትቸኩይ» አሏት። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ አሰሚው።»

«እሺ ሼህዬ።»

ፈተና ማለት በእኔ ሐሳብ ጺማቸው የረዘመ ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠው፣ ዘይነብ ከፊታቸው ምንጣፍ ላይ ሆና እያዜመች፣ እነሱም ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ነበር። አንዲት አጭር ነገር እንኳ እንደማትዘል አውቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያንን እያሰብኩ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ስትመለስ ትዕግስት አብራት ነበረች፤ ክንዷን ይዛታለች። ዘይነብ ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። የነገረችን ትዕግስት ናት።

«ፈታኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፤ የሷን ልማድ ምን ያውቃል» አለች። «ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየና ዝም በይ አላት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ መወዛወዝ ጀመረች። ዜማው ወጣ፤ እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። ለማን ነው የምትናገሪው አላት።»

«ለማንም አይደለም አላለችም?» አለች እማዬ።

«አለች እንጂ። ማን ይመናት እትዬ? ከኋላዋ ያለው ልጅ አንገቱን አስግጎ ነበር። ከወንበሯ አስነስቶ ፊት ለፊት፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ለብቻዋ አስቀመጣት። እስኪያልቅ ከአጠገቧ አልሄደም። አንድ ጊዜ እንደገና ብትናገሪ ወረቀቱን እቀማሻለሁ ብሏታል።»

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ከዚያስ?» አለ።

«አፌን ስዘጋ ጠፋ» አለች ዘይነብ።

«ምኑ?»

«ሁሉም።» እጆቿን እያየች ነበር። «ቶም የሚለውን አየሁት። ያው የኛው ዓይነት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ወደ ላይ ተመለስኩ። ግን አይሰማኝም። ፊደሉን አያለሁ፣ አይሰማኝም።»

«ምነው በሆድሽ ብታነቢው?» አለች እማዬ። ልትቆጣት ብላ አልነበረም።

ዘይነብ ቀና አለች። «በሆድ ማንበብ ማን አስተማረኝ?»

ትዕግስት ማተቧን በጣቷ እየጠቀለለች መሬት መሬቱን አየች። እኔ ሽማግሌዎቹ ለምን አፏን እንዳስዘጓት ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ የአባዬን ፊት አይቼ ተውኩት።

ሼሁ ማምሻውን መጡ። ዘይነብ ከፊታቸው ቆመች።

«እውነት አፍሽን ዝጊ አሉሽ?»

«አዎ ሼህዬ።»

«በፈተና ላይ?»

«አዎ።»

የመደቡን ጫፍ በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «እኔ ስልሳ ምናምን ዓመት ሳቀራ፣ አፉን ዘግቶ የሚያውቅ ሰው አላየሁም» አሉ። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልጠጡትም። ሲሄዱ አባዬ እስከ በሩ ሸኛቸው፤ ተጨባበጡ።

የቀሩትን ፈተናዎች ተፈተነች። ደህና ነው ትላለች ስትጠየቅ። ከዚያ ክረምት ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቤት ውስጥ ሰው ባያወራም አያስታውቅም፤ ለዚያ ይመስለኛል ክረምቱን የወደድነው። ወርክሺቱ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ እርጥበት ጠጣ፤ ያ የሞቀ ሽታው ሄዶ ሻጋታ ሻጋታ አለ።

እኔ በዚያ ክረምት አፌን ዘግቼ ማንበብ ለመድኩ። ማንም አላሳየኝም። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ፣ አንድ እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ እየጫንኩ። መጀመሪያ እንደ ዘይነብ ምንም አይሰማኝም ነበር። ቀስ በቀስ አንድ የማላውቀው ድምፅ፣ ዜማ የሌለው፣ ከውስጥ ያነብልኝ ጀመር። እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ ያ ድምፅ ነው። እስከ ዛሬ አልወደድኩትም።

ውጤት የወጣው በነሐሴ ነው። አባዬ ውጤቷን አራዳ አሳይቶ፣ በዝናብ መጣ። ጃንጥላውን አጥፎ ለእማዬ ሰጣት፤ ውሃው ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ እማዬ እንደ ወትሮው አልተቆጣችም።

«እንግሊዝኛው ጎተታት» አለ። «ነጥቡ አልሞላም።»

ዘይነብ «እሺ» አለች። ይኸው ነው፣ እሺ ብቻ። ተነስታ የራት ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች፤ ራት ግን ገና አልበላንም ነበር።

አክስቴ ስትደውል አባዬ ላውዱን አጠፋው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ ጓዳ ገባ። ያኔ ነው ያንቺው ናት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ።

ሼህ አደም ከዚያ በኋላ በእኛ በር አላለፉም። ወደ መስጊድ ሲሄዱ በላይኛው መንገድ፣ ዳገቱን ይዞራሉ። ለሽማግሌ እግር ያ መንገድ እንዴት እንደሚከብድ አውቅ ነበር። ቁርኣን ልቀራ ስሄድ ስለ ዘይነብ አይጠይቁኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ልጆቹ ሁሉ ሲጮኹ፣ እኔ ሳላውቀው አፌን ዘግቼ ሉሁን እያየሁ ነበር። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። ተኝተሻል ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም ሳይሉ መልሰው ጨፈኑ።

የሄደችው በጥቅምት፣ ጠዋት ነው። ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። እማዬ በርበሬና ሽሮ የቋጠረችበትን ፌስታል ከቦርሳው ውስጥ ታወጣለች፣ መልሳ ትከታለች። ዘይነብ አዲስ ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ ሰፍቷታል። እኔ ላለማልቀስ የባጃጁን የፊት ጎማ አያለሁ።

ሼሁ በታችኛው መንገድ፣ በድሮው፣ ቀስ ብለው ሲመጡ አየናቸው። አባዬ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ። እጃቸውን ዘይነብ ራስ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉላት። ካበቁ በኋላም እጃቸውን አላነሱም።

«አሁንም አለሽ?» አሏት።

«ምኑ ሼህዬ?»

«የሁለቱ ወንድማማቾች።»

ዘይነብ እዚያው፣ ባጃጁ አጠገብ እንደቆመች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ትንሽ መወዛወዝ ጀመረች። ድምፅዋ ወጣ። የባጃጁ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ቶምና ፒተር ተነሱ፣ አውቶቡሱ ሄደ፣ መናኸሪያው መጣ። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የሌላኛው እጃቸው ጣት በየቃሉ ጭናቸውን ይነካል። «ሎስት» ጋ ስትደርስ ጣታቸው አየር ላይ ቆመ። «ሂዝ ባግ» አለች። ጣታቸው ወረደ።

ጨረሰች።

«አንዲት አልዘለልሽም» አሉ ሼሁ። ቀጥለውም እንደ ድሮው፣ ምንጣፍ የሚያጥፉ ይመስል እጃቸውን እያገናኙ፣ «ያ ልጅ ግን ቦርሳውን አገኘ እንዴ?» አሏት።

«አላውቅም ሼህዬ» አለች ዘይነብ። «ወረቀቱ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን አነሳችና ባጃጁ ውስጥ ገባች።